ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ፦ በሞንትጎመሪ ካውንቲ የ“ነጻ” ትምህርት ዋጋ

ሁለት ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል እንበል። ሁለቱም ባለ ሦስት መኝታ ናቸው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ቀይ ጡብ ተሠርተዋል። ግብራቸውን የሚሰበስበው አንድ ካውንቲ፣ ቆሻሻቸውን የሚያነሣው አንድ መኪና ነው። የሚለያቸው የእንጨት አጥር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ቤት 600 ሺሕ ዶላር ሲጠራበት፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው 750 ሺሕ ዶላር ይጠራበታል። ገዢ ሞኝ ካልሆነ በቀር በዐይን ለማይታይ ነገር 150 ሺሕ ዶላር አይጨምርም። ታዲያ የጨመረው ለምንድን ነው?

መልሱን ሻጩም፣ ደላላውም፣ ገዢውም ያውቁታል። በአጥሩ ላይ የትምህርት ቤት ወሰን ያልፋል። በዚህኛው ቤት የሚያድግ ልጅ ወደ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በዚያኛው የሚያድገው ደግሞ ስሙ በበጎ ወደሚነሣው ወደ ሌላው ይመደባል። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ናቸው። ሁለቱም ክፍያ አይጠይቁም።

የሁለቱ ቤቶች ዋጋ ለማስረዳት የተወሰደ ምሳሌ ነው። ገበያው ግን የምር ነው። ከዋሽንግተን ከተማ በስተሰሜን ባለው በሜሪላንድ ግዛት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤት የሚያፈላልግ ወላጅ፣ ስለ ወጥ ቤቱ ስፋት ወይም ስለ ጣሪያው ዕድሜ ከመጠየቁ በፊት “ለየትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚወድቀው?” ማለቱ የተለመደ ነው። ጉዳዩ ለአዲስ አበባ አንባቢም ሩቅ አይደለም። በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተካሄደው ቆጠራ ከ1 ሚሊዮን 60 ሺሕ በላይ ሕዝብ በተመዘገበበት በዚህ ካውንቲ፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው፣ በአሜሪካ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰቦች አንዱ ይኖራል። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኳቸው ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይተረጎማሉ። ጎንደር ከ2012 ጀምሮ የካውንቲው እህት ከተማ ናት። እዚያ ወንድም ወይም እህት ያለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ “ያን ያህል እየሠሩ ገንዘቡ የት ይገባል?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመልሶቹ አንዱ ከዚሁ አጥር ሥር ይገኛል።

በሜሪላንድ የትምህርት ቤት አስተዳደር የሚዋቀረው በካውንቲ ደረጃ ነው። ሞንትጎመሪ ወደ 160 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችንና ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችን በአንድ የትምህርት ቦርድ ሥር ያስተዳድራል። እያንዳንዱ የመኖሪያ አድራሻ የተመደበለት አንደኛ ደረጃ፣ መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለው። ወላጅ ልጁን ለማስመዝገብ ሲሄድ የንብረት ግብር ማስረጃ ወይም የኪራይ ውል ያቀርባል። ከዘመድ ጋር ተዳብሎ የሚኖር ከሆነ ይህንኑ የሚገልጽ ቅጽ ይሞላል። የዘመድን አድራሻ ተውሶ ማስመዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው። ከተደረሰበት ልጁን ከትምህርት ቤቱ ያስወጣል፣ ወላጁንም ለክፍያ ሊዳርግ ይችላል።

አዲስ አበባ ውስጥ የተሻለ ትምህርት የሚፈልግ ወላጅ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰልፎ ክፍያውን በየተርሙ ይከፍላል። ዋጋው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ቢጨመርበት ወላጆች ተሰብስበው ይጮኻሉ። በሞንትጎመሪም ክፍያው አለ። ልዩነቱ፣ ገንዘብ ተቀባዩ ባንክ ወይም አከራይ ነው፤ ደረሰኙም ላይ “ትምህርት ቤት” የሚል ቃል አይጻፍም።

ስንት ያወጣል?

የምጣኔ ሀብት ባለሞያዎች ይህን የተደበቀ ክፍያ ለመለካት ብዙ ደክመዋል። ችግሩ፣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ያለበት ሠፈር አብዛኛውን ጊዜ ዛፉም የበዛ፣ መንገዱም ጸጥ ያለ፣ ለባቡር ጣቢያም የቀረበ መሆኑ ነው። ገዢው የከፈለው ለዛፉ ይሁን ለትምህርት ቤቱ መለየት አይቻልም። ሳንድራ ብላክ የተባሉት ኢኮኖሚስት በ1999 ባሳተሙት ጥናት መፍትሔ አግኝተዋል። በቦስተን ዙሪያ ባሉ የማሳቹሴትስ ከተሞች፣ በአንድ የትምህርት አስተዳደር ውስጥ ሆነው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወሰን በሚያልፍባቸው መንገዶች ግራና ቀኝ የቆሙ ቤቶችን ብቻ አነጻጸሩ። ግብሩ አንድ፣ ሠፈሩ አንድ፣ ትምህርት ቤቱ ብቻ የተለያየ ነው። ውጤቱም የፈተና ውጤት በ5 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ወላጆች ለቤቱ 2.5 በመቶ ጨምረው እንደሚከፍሉ አሳየ።

የ500 ሺሕ ዶላር ቤት ላይ 2.5 በመቶ 12,500 ዶላር ነው። ይህ ብዙም ላያስደነግጥ ይችላል። ነገር ግን የብላክ ስሌት ሌላውን ነገር ሁሉ ነቅሶ ያወጣ ነው፤ ቤት ገዢ ደግሞ ነቅሶ አይገዛም። ዛፉንም፣ ጎረቤቱንም፣ የትምህርት ቤቱንም ስም በአንድ ጥቅል ይገዛል። በምዕራቡ የካውንቲው ክፍል፣ ዋልት ዊትማን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለበት በቤተስዳ፣ ለአንድ ራሱን የቻለ ቤት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። የ150 ሺሕ ዶላሩን ልዩነት ለመሸፈን ገዢው 20 በመቶውን፣ ማለትም 30 ሺሕ ዶላር፣ ከኪሱ ያወጣል። የቀረውን 120 ሺሕ ዶላር በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ቢበደር በየወሩ ወደ 758 ዶላር ይከፍላል። የንብረት ግብሩ 1 በመቶ አካባቢ ነው ቢባል በወር ሌላ 125 ዶላር ይጨመራል። በድምሩ በዓመት ከ10 ሺሕ 500 ዶላር በላይ፣ ለ“ነጻ” ትምህርት ቤት። ባል ታክሲ ወይም ኡበር፣ ሚስት ሕሙማን እየተንከባከበች ለሚኖሩ ቤተሰብ ይህ ተጨማሪ የሌሊት ፈረቃ ማለት ነው። አባት ልጁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት ስም ያውቃል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን እሱ መሪ ላይ ነው።

ለባለቤት የሚያጽናና ነገር አለ። ቤቱን በሚሸጥበት ጊዜ ጨምሮ የከፈለውን ከቀጣዩ ገዢ መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ለእሱ ነገሩ ክፍያ ከመሆን ይልቅ ወደ ቁጠባ ያዘነብላል። ተከራዩ ግን ልዩነቱን በየወሩ ከፍሎ ይጨርሰዋል። ልጁ ሲመረቅ እጁ ላይ የሚቀር የለም። ቅድሚያ ክፍያ ያልሞላለት አዲስ ገቢ ብዙውን ጊዜ ተከራይ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዋጋው ለምን እንዲህ ይንራል ቢባል፣ ዋናው ምክንያት አቅርቦት ነው። ዊንስተን ቸርችል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚገኝበት በፖቶማክ ሰፊው ቦታ ከ2 ኤከር፣ ማለትም ከ8 ሺሕ ካሬ ሜትር ባነሰ መሬት ላይ አንድ ቤት እንዳይሠራ በፕላን ተወስኗል። በእንዲህ ያለ ቦታ አፓርታማ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የትምህርት ቤት ወሰኑ ማንንም አይከለክልም፤ የሚከለክለው የቦታው ስፋት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ ካውንቲው ለዓመታት ትምህርት ቤቶች ከመጠን በላይ በተጨናነቁባቸው አካባቢዎች አዲስ ቤት እንዳይሠራ ያግድ ነበር። በ2019 እገዳው ሲልቨር ስፕሪንግን ጭምር ነካ። የካውንቲው ምክር ቤት በ2020 አሠራሩን እስከሚያነሣው ድረስ፣ ትምህርት ቤት ጠበበ ተብሎ ቤት ይጠብብ ነበር።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

አንድ ገዢ ዕቃ ሲገዛ የሚገዛውን ማወቅ አለበት። እዚህ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉ መምህራን ደመወዝ የሚከፈላቸው በአንድ እርከን ነው። የሥርዓተ ትምህርቱም ባለቤት አንድ ቦርድ ነው። እንዲያውም ካውንቲው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ድህነት ለበዛባቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ተማሪ እስከ 2 ሺሕ ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ገንዘብ መድቦ የክፍል ተማሪዎችን ቁጥር ቀንሷል። በገንዘብ ረገድ “ደካማ” የሚባለው ትምህርት ቤት የበለጠ ያገኛል ማለት ነው።

ሆኖም ገዢው የሚያየው ገንዘቡን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። በ1998 የተቋቋመው ግሬትስኩልስ ለትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡም እንደ ዚሎው ባሉ የቤት መሸጫ ገጾች ላይ ከመታጠቢያ ቤቱ ቁጥር ጎን ይወጣል። የሜሪላንድ መንግሥትም ከ2018 ጀምሮ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል። ለብዙ ጊዜ የእነዚህ ነጥቦች ዋና መሠረት የፈተና ውጤት አማካይ ነበር። ግሬትስኩልስ ራሱ ከ2017 በኋላ የተማሪዎችን ዕድገት ጭምር ለመቁጠር ስሌቱን ቀይሯል።

አማካይ ውጤት ቡናን ከነጆንያው እንደመመዘን ነው። ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውና ትምህርት ቤቱ የጨመረለት አንድ ላይ ሚዛን ላይ ይወጣሉ። በዊትማን በቤተሰብ ገቢያቸው ምክንያት ለነጻ ወይም ለቅናሽ ምሳ ብቁ የሆኑ ተማሪዎች ከአሥር አንድ አይሞሉም። በዊተን ሁለተኛ ደረጃ ከግማሽ በላይ ናቸው። ወላጆቹ የሕግና የሕክምና ባለሞያ የሆኑ፣ አስጠኚ የሚቀጠርለት ልጅ ከፍተኛ ነጥብ ቢያመጣ፣ የመምህሩ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ከነጥቡ አይታወቅም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሞንትጎመሪ ብሌር ደግሞ ሚዛኑን ከነአካቴው ያደናግራል። ከ1985 ጀምሮ በዚሁ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ተወዳድረው የሚገቡ መቶ ያህል ተማሪዎች የሚማሩበት የሳይንስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ልዩ ፕሮግራም አለ። በአገር አቀፍ የሳይንስ ውድድሮች ስሙ የሚጠራው በእነዚህ ልጆች ነው። በዚያው ሕንጻ ውስጥ እንግሊዝኛ ገና የሚለማመዱ፣ አገር ከለቀቁ ዓመት ያልሞላቸው ልጆችም ይማራሉ። ለዚህ ትምህርት ቤት አንድ ቁጥር መስጠት ምን ይጠቅማል?

ደላሎች በዚህ ረገድ ጠንቃቆች ናቸው። የ1968ቱ የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ሠፈር መግፋትን ይከለክላል። “ጥሩ ትምህርት ቤት ነው” ማለት በዘዴ “እነማን እንደሚኖሩ ታውቃለህ” ከማለት የማይለይበት ጊዜ ስላለ፣ ብልህ ደላላ ገዢው ቁጥሩን ራሱ እንዲያይ ይነግረዋል። ቁጥሩ ደግሞ ደላላው ያልተናገረውን ይናገራል።

ይህ ሁሉ ወላጆች የሚከፍሉት ለባዶ ስም ነው ያሰኛልን? እዚያ ላይ ከመድረሳችን በፊት ይኸው ካውንቲ ሳያስበው ያካሄደው አንድ ፈተና አለ። ሞንትጎመሪ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባወጣው ሕግ፣ ትልልቅ የቤት ፕሮጀክቶች ከሚሠሯቸው ቤቶች ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑትን መጠነኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የካውንቲው የቤቶች ድርጅትም ከእነዚህ እስከ ሲሶ የሚሆኑትን ገዝቶ ለድኾች ያከራያል። ቤተሰቦቹ በዕጣ ስለሚደለደሉ፣ አንዱ ድኻ ባለጸጎች መካከል ሌላው ድኾች መካከል የሚወድቀው በምርጫው አልነበረም። ሔዘር ሽዋርትዝ የተባሉት ተመራማሪ ከ2001 እስከ 2007 የ858 ልጆችን ውጤት ተከታትለው በ2010 አወጡት። ድህነት በሌለባቸው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገቡት የድኻ ልጆች፣ ተጨማሪው 2 ሺሕ ዶላር በሚወጣባቸው ትምህርት ቤቶች ከተማሩት ጓደኞቻቸው በብዙ በልጠው ተገኙ። በሒሳብ ድኻ ካልሆኑት ተማሪዎች ጋር የነበራቸው ልዩነት በአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸው ማብቂያ በግማሽ ጠበበ።

ስለዚህ ወላጆቹ አልተሳሳቱም። የሚገዙት ነገር አለ፤ ብቻ መለያው ላይ የተጻፈው ሌላ ነው። ገንዘቡ የሚወጣው በአብዛኛው ለተሻለ መምህር ሳይሆን ለክፍል ጓደኛ ነው። ጥቅሙ የታየውም ከልጅነት ጀምሮ ለዓመታት በቆዩት ላይ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሊገባ ሲል ኪራይ አክሎ፣ ቤተሰቡን ወደ ሁለት ክፍል አፓርታማ አጭቆ ወሰን የሚሻገር አባት፣ ከጥናቱ ያን ያህል ማረጋገጫ አያገኝም።

መስመሩ የማን ነው?

ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ቤት በ750 ሺሕ ዶላር የገዛው ሰው ቤቱ የራሱ ነው። መስመሩ ግን የትምህርት ቦርዱ ነው። ቦርዱ ከፈለገ ያዛውረዋል፤ ለዋጋ መውደቅም ካሣ አይከፍልም።

የካውንቲው ነዋሪ ይህን በቅርቡ በሚገባ ተገንዝቧል። ቦርዱ በ2018 የወሰን አወሳሰን መመሪያውን ሲያሻሽል ለተማሪዎች ስብጥር ጎላ ያለ ቦታ ሰጠ። በ2019 መላውን የካውንቲውን ወሰን የሚፈትሽ ጥናት እንዲካሄድ ወሰነ። ያን ጊዜ የተነሣው ጫጫታ እስከ ዛሬ ይነሣል። አዳራሾች በወላጆች ተጨናነቁ። ልጆቻችን ከቅርብ ትምህርት ቤት ተነሥተው ሩቅ በአውቶቡስ ሊጫኑ ነው የሚሉ ወገኖች፣ አንድ ቦርድ ያላቸው ጎረቤቶች ለምን በሀብት ተለያይተው ይማራሉ ከሚሉት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የጥናቱ ሪፖርት በ2021 ወጣ፤ ወሰኑን ግን በራሱ አልቀየረም። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በሰሜን በኩል ነበር። ቦርዱ በኅዳር 2019 የክላርክስበርግ፣ የኖርዝዌስትና የሴኔካ ቫሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ወሰን እንደገና አሰመረ። ምክንያቱም ክላርክስበርግ ሞልቶ ሲፈስ፣ ሴኔካ ቫሊ ከ2 ሺሕ በላይ ተማሪ እንዲይዝ ሆኖ እየተሠራ ስለነበረ ነው። በአንድ ምሽት ድምፅ አሰጣጥ የበርካታ መንገዶች “ትምህርት ቤት” ተለወጠ።

ተረኛው ደቡቡ ነው። በ1987 የተዘጋው የቻርልስ ውድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአዲስ መልክ ተሠርቶ፣ ከ2024 ጀምሮ ሕንጻው እየታደሰ ያለውን የኖርዝውድን ተማሪዎች በጊዜያዊነት አስጠልሏል። ውድዋርድን በራሱ ስም ዳግም ለመክፈት በ2025 የተካሄደው የወሰን ጥናት ቤተስዳንም፣ ሲልቨር ስፕሪንግንም፣ ዊተንንም ነክቷል። በዚያው ዓመት የትምህርት አስተዳደሩ ካውንቲውን በ6 ክልሎች ከፍሎ ልዩ ፕሮግራሞችን ለየክልሉ የማከፋፈል ሐሳብ አቅርቧል።

የወሰን ጉዳይ ለካውንቲው አዲስ አይደለም። የትምህርት አስተዳደሩ ለብዙ ዓመታት ዋና ጽሕፈት ቤት ያደረገው በሮክቪል የሚገኘው የካርቨር ሕንጻ፣ በ1951 ሲከፈት የጥቁሮች ብቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ያን ጊዜ መስመሩ በካርታ ላይ ሳይሆን በቆዳ ላይ ነበር። የዘር ልዩነቱ በሕግ ከተሻረ በኋላም ቦርዱ መስመሮችን ሆን ብሎ ለማቀላቀል የተጠቀመበት ጊዜ አለ። አድራሻው ሲልቨር ስፕሪንግ የሆነው የሮዝመሪ ሂልስ አንደኛ ደረጃ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከባለጸጋው ቼቪ ቼስ ትምህርት ቤቶች ጋር ተጣምሯል። የሁለቱም ሠፈር ታናናሾች ሮዝመሪ ሂልስ፣ ከፍ ያሉት ቼቪ ቼስ ይማራሉ። በዚህም የተነሣ ለብዙ ዓመታት ጥቂት የሲልቨር ስፕሪንግ መንገዶች የቤተስዳ-ቼቪ ቼስ ሁለተኛ ደረጃን መብት ይዘው ቆይተዋል። ቤት ፈላጊዎች እነዚህን መንገዶች በስም ያውቋቸዋል።

ኪሱ ለአጥሩ ማዶ ያልበቃ ወላጅስ? በሮች አሉ፤ ሰፊ ግን አይደሉም። ከ2004 ጀምሮ ብሌር፣ አይንስታይን፣ ኬኔዲ፣ ኖርዝውድና ዊተን በአንድ ማኅበር ተጣምረው፣ በዚያ ክልል የሚኖር ተማሪ ከአምስቱ መርጦ እንዲያመለክት ተደርጓል። የብሌር ሒሳብና ሳይንስ፣ የሮክቪሉ ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም በውድድር ይገባባቸዋል። የትምህርት ቤት ለውጥ ማመልከቻም አለ፤ ወንድም ወይም እህት እዚያ የሚማር ከሆነ ወይም የተለየ ችግር በማስረጃ ከቀረበ ይታያል። ማመልከቻው የሚቀርበው በተወሰነ ጊዜ፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ማስታወቂያው በአማርኛም ይወጣል፤ ሆኖም ሁለት ሥራ የያዘች እናት የትምህርት ቤት ወረቀት የምታነብበት ሰዓት ከጎረቤቷ ያነሰ መሆኑ ግልጽ ነው። የመጠነኛ ገቢ ቤቶቹ ሕግም ዛሬም ይሠራል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ከቤቶቹ ይበዛል።

እስከዚያው ገበያው ይቀጥላል። በየሳምንቱ መጨረሻ የሚወጡት የቤት ማስታወቂያዎች የትምህርት ቤቱን ስም በደማቁ ይጽፋሉ። ከግርጌ ግን በደቃቅ ፊደል የሚሰፍር የተለመደ ዐረፍተ ነገር አለ፦ መረጃው እንደሚታመን ይገመታል እንጂ ዋስትና አይሰጥበትም።